መርፌው፣ ክንድ ውስጥ የሚቀበረውና ሉፑ፦ የልደታ ሴት ምን ትመዝናለች?

አዲስ አበባ ውስጥ ከሜክሲኮ አደባባይ በልደታ አድርጎ ወደ ጦር ኃይሎች በሚወስደው መንገድ ዙሪያ ባሉት የመንግሥት ጤና ጣቢያዎች የወሊድ መከላከያ በነጻ ይሰጣል። ወረፋዋ ደርሶ የገባች ሴት ጠረጴዛው ላይ ናሙናዎቹን ታገኛለች፦ የክኒን እሽግ፣ የመርፌ ብልቃጥ፣ ክንድ ውስጥ የምትቀበር የክብሪት እንጨት የምታህል ለስላሳ ዘንግ፣ ማህፀን ውስጥ የምትገባ ሉፕ የተባለች መዳብ የተጠመጠመባት ትንሽ ፕላስቲክ፣ ኮንዶም። ሲስተር አንድ በአንድ እያነሳች ይሄኛው ለሦስት ወር፣ ያኛው ለሦስት ዓመት፣ ያኛው ከዐሥር ዓመት በላይ ትላታለች። ሴትየዋ ከቤቷ ይዛ የመጣችው ጥያቄ ግን ሌላ ነው። ደሜን ያዛባብኛል ወይ? ባለቤቴ ይደርስበታል ወይ? ልጅ ስፈልግ ቶሎ ይሆንልኛል ወይ? ካልተስማማኝስ በመጣሁበት ቀን ይወጣልኛል?

መከላከያዎችን ማወዳደር ያለብን ከነዚህ ጥያቄዎች ተነስተን ነው ብዬ አምናለሁ። የሕክምናው ሰንጠረዥ የሚነሳው «እርግዝናን የበለጠ የሚከላከለው የቱ ነው?» ከሚለው ነው። ይህ መታወቅ አለበት። ነገር ግን ሁሉን የሚወስነው እሱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጀምረው የሚተዉት ሴቶች ይህን ያህል ባልበዙ ነበር። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳሳየው፣ መከላከያ ከተጀመረባቸው ጊዜያት 35 በመቶው ዓመት ሳይሞላ ተቋርጧል። ከፊሎቹ ልጅ ፈልገው ነው፤ ከፊሎቹ ግን የጎንዮሽ ችግሩ አስመርሯቸው ነው።

እስቲ መጀመሪያ ቁጥሩን እንየው። 100 ሴቶች አንድን መከላከያ ዓመት ሙሉ ቢጠቀሙ ስንቶቹ ያረግዛሉ? እዚህ ላይ ሁለት ስሌት አለ። አንደኛው አንድም ቀን ሳያዛንፉ ለሚጠቀሙት ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ እንደ ሰው እየረሱና እየዘገዩ ለሚጠቀሙት። ክኒን ከሚወስዱት በመጀመሪያው ስሌት ከ100 ሴቶች አንዷ እንኳ አታረግዝም፤ በሁለተኛው 7 ያህል ያረግዛሉ። መርፌ በሁለተኛው ስሌት 4 ያህል፣ የወንድ ኮንዶም 13፣ ወንዱ ከመፍሰሱ በፊት ማውጣት ደግሞ 20 ያህል። ክንድ ውስጥ የሚቀበረው ከ1000 ሴቶች አንዷን ያህል ብቻ ነው የሚያመልጠው፤ ሉፕም ከ100 አንድ አይሞላም። ሁለቱ ይህን ያህል የሚበልጡት አንዴ ከገቡ በኋላ ከሴትየዋ ምንም ስለማይጠብቁ ነው። ቀን መቁጠር የለ፣ ሰዓት መጠበቅ የለ፣ ፋርማሲ መሄድ የለ።

እንዲህም ሆኖ የአገራችን ሴቶች በብዛት የመረጡት መርፌን ነው። በ2011 ዓ.ም. በተደረገው አነስተኛ ጥናት ካገቡት ሴቶች 41 በመቶው ዘመናዊ መከላከያ ይጠቀሙ ነበር፤ 27 በመቶው መርፌ፣ 9 በመቶው ክንድ ውስጥ የሚቀበረውን፣ ሉፕና ክኒን እያንዳንዳቸው 2 በመቶ ገደማ። አዲስ አበባ ውስጥ ምርጫው ከገጠሩ ይልቅ የተሰባጠረ ነው፤ መርፌ ግን እዚህም ተፈላጊ ነው።

ምክንያቱ አይከብድም። መርፌ ልብስ ሳይወልቅ፣ የማህፀን ምርመራ ሳያስፈልግ ክንድ ላይ ተወግቶ ያበቃል። ቤት የሚገባ እሽግ የለም፣ ክንድ ላይ የሚዳሰስ ነገር የለም። ባልና ሚስት፣ ልጆችና አማት በአንድ የቀበሌ ቤት ክፍል በሚኖሩበት ሰፈር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ባሏ ገና ውለጅ እያለ የሚጨቀጭቃት ሴት የቀጠሮ ካርዷን ጎረቤት አስቀምጣ ለዓመታት ስትወጋ ኖራለች። ይህን ምስጢር ሌላ የትኛውም መከላከያ በዚህ ደረጃ አይጠብቅላትም።

የተለመደው ዴፖ የሚባለው ነው። በየ13 ሳምንቱ 150 ሚሊ ግራም ይወጋል። ብዙ ሴቶች የማያውቁት አንድ ነገር ልንገር፦ የቀጠሮው ቀን ቢያልፍም በዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ መሠረት እስከ 4 ሳምንት ድረስ ዘግይቶ መወጋት ይቻላል። ቀኑ አለፈኝ ብላ ቤቷ የቀረችው ሴት በማግሥቱ ብትሄድ ምንም አልጎደለባትም ነበር። ከቆዳ ሥር የሚሰጥ ሳያና ፕሬስ የሚባል አነስተኛ መርፌም አለ። ሴትየዋ ሠልጥና ራሷን ልትወጋበት ትችላለች፤ ይህንንም የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ደግፎታል።

የመርፌው ትልቁ ጣጣ ደም ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት ጠብ ጠብ የሚል፣ ቀኑ የማይታወቅ ደም ያመጣል፤ ዓመት ሲሞላው ግን ግማሽ በሚሆኑት ተጠቃሚዎች ላይ የወር አበባው ጭራሽ ይቆማል። ሲቆም «ደሙ ውስጤ ተጠራቀመ» የሚል ስጋት ይመጣል። የተጠራቀመ ነገር የለም፤ መድኃኒቱ የማህፀንን ግድግዳ ስስ አድርጎ ስለሚያቆየው የሚፈስ ደም አይፈጠርም። ይህን አስቀድሞ የተነገራት ሴት አትደነግጥም፤ ያልተነገራት ሴት ግን በሁለተኛው ቀጠሮ ትቀራለች።

ጠብ ጠብ የሚለው ደም ግን በየትኛውም ዓለም አቀፍ ሰንጠረዥ ላይ የማይሰፍር ዋጋ አለው። ወር በገባ በ1 ልደታ ማርያምን ልትሳለም የምትወጣ፣ የምታስቀድስና የምትቆርብ ሴት ደም እያለባት ቤተ መቅደስ አትገባም። በወር ውስጥ ሁለት ሳምንት ደም ከታያት በዓመት ስንት ቅዳሴ፣ ስንት ክብረ በዓል ከደጅ ቆማ እንደምታሳልፍ አስቡት። ለሙስሊም እኅቷም ጉዳዩ ይከብዳል፤ የወር አበባና ከሱ ውጪ የሚፈስ ደም ለሶላትና ለጾም የተለያየ ደንብ ስላላቸው፣ ደሟ ሲዛባ የትኛው የቱ እንደሆነ መለየት ይቸግራታል። ባለሙያው ይህን «ቀላል የጎንዮሽ ችግር» ብሎ ሊያልፈው አይገባም። ለሷ ቀላል አይደለም።

ሁለተኛው ጉዳይ መውለድ ነው። በልደታ ደጅ በግንቦት 1 ንፍሮውን አዘጋጅተው ከሚወጡት መካከል ልጅ ስጪኝ ብለው የሚሳሉ ሴቶች አሉ፤ በዓሉ ራሱ ኢያቄምና ሐና ከመካንነት በኋላ ማርያምን ያገኙበት መታሰቢያ ነው። በዚህ ባህል ውስጥ መካን መባል ከምንም በላይ ያስፈራል። ስለዚህም «መርፌ መካን ያደርጋል» የሚለው ወሬ ቶሎ ይስፋፋል። መርፌ መካን አያደርግም። ነገር ግን ከሌሎቹ ይልቅ መዘግየቱ እውነት ነው፤ ካቆሙ በኋላ ለማርገዝ ከሌሎቹ መከላከያዎች በአማካይ ወደ አራት ወር ተጨማሪ ጊዜ ይወስዳል፤ ለአንዳንዷ ዓመትም ያልፋል። ስለዚህ በሚቀጥለው ዓመት መውለድ የምታስብ ሙሽራ ዛሬ መርፌ ብትጀምር ጥሩ ምርጫ አይመስለኝም። ይህን ሳትሰማ ጀምራ ስድስት ወር ሳታረግዝ ከቆየች ወሬውን እሷ ራሷ ታስፋፋዋለች፤ ሊፈረድባትም አይገባም።

በመርፌው ላይ የተነሱ ሌሎች ጥያቄዎችም አሉ። የአጥንትን ጥንካሬ ይቀንሳል፤ ሲቆም በአብዛኛው ይመለሳል፤ ገና በማደግ ላይ ላለች ልጃገረድና ለማረጥ ለቀረበች ሴት ግን ልብ ሊባል ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣ የፈረንሳይ ጥናት ይህን መርፌ ከአንድ ዓመት በላይ መውሰድ ሜኒንጂዮማ ከተባለ የአንጎል ሽፋን ዕጢ ጋር የተያያዘ መሆኑን አሳይቷል። ዕጢው ብዙ ጊዜ ካንሰር ያልሆነና እጅግ ብርቅ ስለሆነ መርፌውን ለማስጣል በቂ አይደለም፤ ለዐሥር ዓመት ያለማቋረጥ ለምትወጋ ሴት ግን ከሐኪም ጋር መነጋገሪያ ይሆናታል። ኤች አይ ቪን ያጋልጣል ወይ የሚለው የብዙ ዓመት ክርክር ደግሞ በኤስዋቲኒ፣ በኬንያ፣ በደቡብ አፍሪካና በዛምቢያ ከ7,800 በላይ ሴቶች በተሳተፉበት ኤኮ በተባለው ጥናት ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ውጤት በመርፌው፣ በመዳብ ሉፕና ክንድ ውስጥ በሚቀበረው መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላገኘም። በጥናቱ ላይ የታየው የኤች አይ ቪ ስርጭት ግን በሦስቱም ከፍተኛ ነበር፤ ሦስቱም ከበሽታ አይከላከሉምና።

ክንድ ውስጥ የሚቀበረው በኢትዮጵያ የተስፋፋው በ2001 ዓ.ም. የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ኢምፕላኖንን እንዲቀብሩ መሠልጠን ከጀመሩ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ ሁለቱ ዋና አምራቾች ለድሃ አገሮች የሚሸጡበትን ዋጋ በግማሽ ያህል ቀነሱ። ኢምፕላኖን አንድ ዘንግ ሲሆን ለሦስት ዓመት፣ ጃዴል ሁለት ዘንግ ሲሆን ለአምስት ዓመት ያገለግላል። አሠራሩ ደቂቃዎችን ብቻ ይፈጃል፤ ብዙ በማትጠቀምበት ክንዷ በውስጠኛው በኩል ከክርን ከፍ ብሎ በማደንዘዣ ይደነዝዛል፣ 4 ሴንቲ ሜትር የምትረዝመው ዘንግ ከቆዳ ሥር ትገባለች፣ ሴትየዋም በጣቷ ዳስሳ መኖሩን ታረጋግጣለች። ይህን ሳታደርግ ከክፍሉ እንዳትወጣ እመክራለሁ። ካልተዳሰሰ ወይ አልገባም፣ ወይ ጠልቆ ገብቷል፤ ጠልቆ የገባ ዘንግ ሲወጣ ያስቸግራል። እጅ ያሰንፋል፣ ከባድ ሥራ ያስከለክላል የሚለው ወሬ እውነትነት የለውም። ሲወጣ ደግሞ እርግዝና ወዲያው ይቻላል፤ በዚህ ከመርፌ በእጅጉ ይሻላል። ደም ማዛባቱ ግን ያው ነው፤ እንዲያውም መርፌ በጊዜ ሂደት ደሙን ሲያቆም፣ ይሄኛው ለአንዳንዷ ጠብ ጠቡን ያራዝመዋል።

በኔ ሚዛን የዚህ መከላከያ ጥሩነት የሚለካው በማውጫው በር ነው። የኤክስቴንሽን ሠራተኞቹ በሰፊው የሠለጠኑት ለመቅበር እንጂ ለማውጣት አልነበረም፤ ለማውጣት በአብዛኛው ጤና ጣቢያ መሄድ ግድ ይላል። ከገጠር ክንዷ ላይ አስቀብራ ለቤት ሠራተኝነት ወደ ልደታ የመጣች ወጣት ካርዷ ጠፍቶባት፣ የተቀበረበትን ቀን ረስታ፣ አሠሪዋን ፈቃድ ጠይቃ ነው ለማስወጣት የምትመጣው። ያን ጊዜ «ገና ጊዜው አልሞላም፣ ትንሽ ታገሺ፣ ይለመዳል» ብሎ መመለስ በደል ነው። ዘንጉ የተቀመጠው በሷ ክንድ ውስጥ ነው፤ የምታስወጣበትን ምክንያትም የማስረዳት ግዴታ የለባትም። ማስወጣት እንደሚቻል ያየች ሴት ለጎረቤቷ ትመክራለች፣ ተመላልሳ የተቸገረች ደግሞ ሰፈሩን ሁሉ ታስጠነቅቃለች።

በሌላ በኩል ይህ መከላከያ ከሴትየዋ ጋር ይሰደዳል። የድሮው የልደታ ሰፈር ሲፈርስ ነዋሪው በከተማው ዳር ወዳሉ ኮንዶሚኒየሞች ተበትኗል። መርፌ በየሦስት ወሩ አንድ ቦታ መመለስን ይጠይቃል፤ ቤቷ ለፈረሰባት፣ አዲሱን ጤና ጣቢያ ለማታውቅ ሴት ቀጠሮው በቀላሉ ያመልጣታል። ክንዷ ላይ ያለው ግን ሰፈር ቢቀየርም ሥራውን ይሠራል።

ሉፕ ባገራችን ካለው ስም በላይ ይገባዋል ባይ ነኝ። የመዳቡ ሉፕ ሆርሞን የለውም፤ ከዐሥር ዓመት በላይ ይቆያል፤ በወጣ ማግሥት ማርገዝ ይቻላል። ጡት ለምታጠባ፣ ደም ግፊት ላለባት፣ የቲቢ መድኃኒት ለምትወስድ ሴት ይስማማል። ከወለደች በ48 ሰዓት ውስጥ እዚያው የወለደችበት ሆስፒታልም ሊገባላት ይችላል። ክፋቱ በመጀመሪያዎቹ ሦስት እስከ ስድስት ወራት የወር አበባን ያበዛል፣ ቁርጠት ያመጣል፤ ስለዚህ ደም ማነስ ላለባት አይመችም። ይሁን እንጂ ደሙ በአብዛኛው ቀኑን ጠብቆ ይመጣል፤ ከላይ ላነሳኋት አስቀዳሽ ሴት ይህ ልዩነት ብዙ ነው። ከማህፀን ወጥቶ ልብ ላይ ይደርሳል የሚባለው ሐሰት ነው። ማህፀንን መብሳት ያጋጥማል፤ ግን ከ1000 አንድ ሁለት ሴት ነው። የሉፕን ስም ያጠፋው አንዱ ነገር እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በአሜሪካ ዳልከን ሺልድ የተባለው ዓይነት ያደረሰው የማህፀን ኢንፌክሽን ነው፤ የዛሬው ግን አሠራሩ ሌላ ነው። የሴቶቻችን ትልቁ እንቅፋት ምርመራው ይመስለኛል። ተጋድሞ እግር ከፍቶ መታየት ያሳፍራል፣ በተለይ ባለሙያው ወንድ ከሆነ። በር የሚዘጋበት፣ መጋረጃ ያለበት ክፍልና ሴት ባለሙያ ቢኖሩ ብዙ ሴቶች የሚደፍሩት ይመስለኛል።

ክኒን ለሚያስታውሱት ጥሩ ነው። የወር አበባን ቀኑን ያስይዛል፣ ቁርጠትን ያቀልላል፣ በፈለጉ ጊዜ ይተዋል። በእሽጉ ላይ ያሉት 21 ክኒኖች መድኃኒት ናቸው፤ ቀሪዎቹ ቡናማ 7 ደግሞ አይረን ናቸው። ደም ግፊት ያለባት፣ ከ35 ዓመት በላይ ሆና የምታጨስ፣ ዓይኗ ላይ ብልጭታ የሚቀድመው ማይግሬን የሚያማት ሴት ይህን ድብልቅ ክኒን መውሰድ የለባትም፤ ለአራስ ደግሞ የተለየ ክኒን አለ። ቲቢ በበዛባት ከተማችን ሪፋምፒሲን የተባለው የቲቢ መድኃኒት ክኒኑንም ክንድ ውስጥ ያለውንም እንደሚያዳክም ሊነገር ይገባል፤ የቲቢ ክፍሉና የቤተሰብ ምጣኔ ክፍሉ በአንድ ግቢ እያሉ ስለዚህ ካልተነጋገሩ የምትጎዳው ሴትየዋ ናት።

በወጣቶቹ ዘንድ ዋናው መከላከያ ፖስት ፒል እየሆነ ነው ማለት ይቻላል። በየፋርማሲው ያለ ማዘዣ ይገኛል፤ ሰው ሳያይ ተገዝቶ ይዋጣል። ከግንኙነት በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ፣ በቶሎ በተወሰደ ቁጥር የተሻለ ይሠራል። የሚሠራው እንቁላሉ እንዳይለቀቅ በማዘግየት ነው፤ የተፈጠረ ፅንስ አያስወርድም። በተደጋጋሚ ቢወሰድ አይመርዝም፤ ግን የወር አበባን ያዛባል፣ ከወር ወር ሲደጋገምም ከመደበኞቹ መከላከያዎች ሁሉ ያነሰ ዋስትና ነው የሚሰጠው። በአምስት ቀን ውስጥ የገባ የመዳብ ሉፕ ከሱ እጅግ ይበልጣል፤ ይህን ግን ከፋርማሲው ባንኮኒ ጀርባ የቆመ ሰው ሲናገር አይሰማም። ኮንዶም ደግሞ ከሁሉም የሚለየው ከኤች አይ ቪና ከአባላዘር በሽታ የሚከላከል ብቸኛው በመሆኑ ነው፤ ከ100 አዋቂዎች 3 ያህሉ ቫይረሱ ባለባቸው አዲስ አበባ ከመርፌም ከሉፕም ጋር ደርቦ መጠቀም ትርፍ አይደለም።

ጡት ማጥባት በራሱ ይከላከላል፤ ግን ሦስት ነገሮች አንድ ላይ ሲሟሉ ብቻ ነው፦ ሕፃኑ ስድስት ወር ካልሞላው፣ ከጡት በቀር ሌላ ካልቀመሰ፣ እናቱም የወር አበባ ካልመጣባት። ያን ጊዜ ከ100 ሴቶች 98ቱን ይጠብቃል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለወለደች ሠራተኛ የሚሰጠው ፈቃድ ግን ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ነው። በሦስተኛው ወር ወደ ቢሮ ወይ ወደ ሱቅ ስትመለስ ጡጦ ይገባል፣ መከላከያውም ሳታውቀው ይፈርሳል። ብዙ ያልታሰበ ሁለተኛ እርግዝና የሚገባው በዚህ ክፍተት ነው። ስለ ቀን ቆጠራ ብዙ አልልም፤ የወር አበባዋ ለማይዛባ፣ ባሏም ለሚተባበራት ሴት ይሆናል።

ዛሬ ይህን ሁሉ በግልጽ ማነጻጸር መቻሉ ራሱ የቅርብ ጊዜ ነገር ነው። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ የወሊድ መከላከያን ማስተዋወቅ ይከለክል ነበር፤ ከመጽሐፉ የጠፋው በ1997 ዓ.ም. አዲሱ የወንጀል ሕግ በሥራ ላይ ሲውል ነው። የኢትዮጵያ ቤተሰብ መምሪያ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1966 ሲመሠረት በዚያ ሕግ ሥር ነበር የሠራው። የ1985 ዓ.ም. የሥነ ሕዝብ ፖሊሲ 4 በመቶ የነበረውን የመከላከያ ተጠቃሚ በ2007 ዓ.ም. 44 በመቶ ለማድረስ አቀደ፤ በ1992 ዓ.ም. ገና 6 በመቶ ነበር። «የቀን ቅኝት» የተባለው የሬዲዮ ድራማ በ257 ክፍሎቹ ወሬውን ከጤና ጣቢያ አውጥቶ ወደ ሳሎን ያስገባው ከዚያ በኋላ ነው። አዲስ አበባ ግን ቀድማ ሄዳለች፤ በ2008ቱ ጥናት አንዲት የከተማዋ ሴት በሕይወቷ የምትወልደው በአማካይ 1.8 ልጅ ነበር። እዚህ ክርክሩ ስለ ብዛት መሆኑ ቀርቷል። የቤት ኪራይና የትምህርት ቤት ክፍያ ቁጥሩን ወስነውታል፤ የቀረው መቼና በምን የሚለው ነው።

ምርጫ የሚኖረው ደግሞ ዕቃው ሲኖር ነው። አገራችን ለነጻው አገልግሎት የምታቀርበው መከላከያ በብዛት የተገዛው በውጭ ለጋሾች ገንዘብ ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 2025 አሜሪካ የውጭ ዕርዳታዋን ስታግድ ይህ ጥገኝነት ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ ታየ። መጋዘን ሲሳሳ «ዛሬ ያለው ይሄ ብቻ ነው» ይባላል፤ ያን ጊዜ በጠረጴዛው ማዶ የሚሰጠው ምክር ሁሉ ዋጋ ያጣል። መንግሥት ለዚህ የራሱን በጀት በቋሚነት መመደብ አለበት፤ እንደ ክትባት።

ብዙም የማይነሳ ምርጫም አለ፤ መውለድ በቃኝ ያለች የአርባ ዓመት ሴት አሁንም በየሦስት ወሩ ለመርፌ ወረፋ ስትይዝ ይታያል። ቱቦ ማስቋጠር ለሷ ዕድሜ ልክ የሚሆን ነው፤ ከ100 አንዷ እንኳ አታረግዝም፤ ግን ሆድ የሚከፍት ቀዶ ጥገና መሆኑ ያስፈራታል። ለባሏ ያለው ቀዶ ጥገና ከሷ እጅግ ይቀልላል፦ በቦታው ማደንዘዣ ብቻ ይሰጠዋል፣ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም፣ በዚያው ቀን ቤቱ ይገባል። ወንድነቱን የሚሰጠው ሆርሞን እንደነበረ ይቀጥላል፤ የሚቋረጠው የዘሩ መንገድ ብቻ ነው። በአገር አቀፍ ጥናቶቻችን ግን የዚህ ተጠቃሚዎች ቁጥር ከዜሮ ብዙም ፈቀቅ አይልም፤ የቤተሰብ ምጣኔ ክፍሉ ወንበርም የተዘጋጀው ለአንድ ሰው ነው። ባል አብሮ ከመጣና ይህን ከመረጠ ሲስተር አንድ ነገር ሳትነግረው እንዳታሰናብተው፦ ከቀዶ ጥገናው በኋላ ዘሩ ከመንገዱ እስኪጠራ ሦስት ወር ይፈጃል፤ እስከዚያው ሚስቱ መርፌዋን ማቆም የለባትም።